ከወንድሟ ቤት የተቀበለችው ክኒን

ሉሲያኔ የታመነች ሴት ናት። የሰጠችውን ቃል አታጥፍም፤ የተሰጣትንም ቃል አትመረምርም። ይህ ከፍ ያለ ጸጋ ነው። ነገር ግን እምነት የበዛበት ልብ በሩን አይዘጋም፤ በሩ ካልተዘጋ ደግሞ የሚገባው ሁሉ በጎ አይደለም። የሉሲያኔ ሐዘን የገባው በዚያ በር ነው፤ ያስገባውም ባዕድ አልነበረም።

በፋንጋሉፔ መንደር የቤተ ክርስቲያን መዘምራን መምህርት ሆና ሃያ ሁለት ዓመት አገልግላለች። በቶንጋ አገር፣ በቫቫኡ ደሴቶች፣ ዜማ የሚጻፈው በቁጥር ነው። መምህሩ ቁጥሮቹን በጥቁር ሰሌዳ ላይ በአራት ረድፍ ይደረድራል፤ አራቱም ድምፆች የየራሳቸውን ረድፍ ይከተላሉ። መጽሐፍ ማንበብ የሚቸግረው ዓሣ አጥማጅ እንኳ የሉሲያኔን ሰሌዳ ሲያይ ድምፁን አይስትም ነበር።

ሕመሙ የጀመራት በሠላሳ ሁለት ዓመቷ፣ ታላቁ ማዕበል ደሴቱን በመታበት ዓመት ነው። ቤቱ የፈረሰበት ሕዝብ በቤተ ክርስቲያኑ ወለል ላይ ተኝቶ ሳለ፣ እሷ ዘጠኝ ቀን ያህል ዓይኗን ሳትከድን አንድ መዝሙር ጻፈች። ያ መዝሙር የየመንደሩ መዘምራን በሚወዳደሩበት ዓመታዊ ጉባኤ ቀርቦ ሕዝቡን አስለቀሰ፤ ፋንጋሉፔም ከመንደሮች ሁሉ አንደኛ ተባለች። ከዚያ በኋላ ግን ሉሲያኔ በአገሩ እንደ ወርቅ የሚቆጠረውን የቤቷን ሰሌን ሁሉ ለመንገደኛ አደለች፤ ፀጉሯን ፈትታ በባሕሩ ዳር ለማዕበሉ ሰበከች። ወሩ ሳይሞላም ወደቀች፤ ከወደቀችበት ቀና ሳትል አምስት ወር ቆየች። ሽማግሌዎቹ መንፈስ ነክቷታል ብለው የቅጠል ጭማቂ በዓይኗና በአፍንጫዋ ጨመቁላት። አልጎዳትም፤ አልጠቀማትምም። በመጨረሻ በዋናው ደሴት ያለ አንድ ሐኪም የሕመሙን ጠባይ አስረዳት። ልብን አንድ ጊዜ ወደ ሰማይ የሚያነሣ፣ አንድ ጊዜ ወደ ጥልቁ የሚጥል የአእምሮ ሕመም ነው፤ እንደ ስኳር በሽታ ዕድሜ ልክ መድኃኒት ይወሰድለታል፤ መድኃኒቱም ሊቲየም የሚባል ነጭ ክኒን ነው።

ክኒኑ ዐሥራ ስድስት ዓመት በእግሯ አቆማት። ዋጋውን ግን አላስቀረላትም። ሁልጊዜ ይጠማታል፤ አፏ ሚስማር እንደ ላሰ ሰው ብረት ብረት ይላታል፤ እጇ ይንቀጠቀጣልና በሰሌዳው ላይ የምትጽፈው ሦስት ቁጥር ስምንት እየመሰለ መዘምራኑን ያስቃቸዋል። ከሁሉ የከበደው ደግሞ ሌላ ነው። ዜማ እንደ ቀድሞው በራሱ አይመጣላትም ነበር። የሌሎችን መዝሙር በትጋት ታስተምራለች፤ የራሷን ግን አልጻፈችም። ይህንንም በጊዜ ብዛት ተቀብላዋለች። «እግዚአብሔር የቀኑን እንጀራ ሲሰጠኝ የሰርግ ድግስ አልጠይቀውም» ትል ነበር።

ሐኪሙ ከቤተ ሰብ አንድ ሰው ክኒኑን ይዞ በየምሽቱ እንዲሰጣት አዝዞ ነበር። ሉሲያኔ ባል አላገባችም፤ የምትኖረው በታናሽ ወንድሟ በፔኒሲማኒ ቤት ጓሮ በተሠራች አንዲት ክፍል ነው። በቶንጋ ሰዎች ዘንድ እህት ከወንድም ትበልጣለች። ያም ከሚባለው የሥር ምግብ የመጀመሪያው ምርት ለእርሷ ይወጣል፤ የጠየቀችውን አይከለክላትም፤ ልጆቹም በእጇ ሥር ናቸው። ስለዚህም አክብሮት ወንድም ወደ እህቱ ቤት አይገባም፤ ስለ ሰውነቷና ስለ ሕመሟም አንዲት ቃል አይናገርም። እንግዲህ ክኒኑን የመያዝ ነገር ለፔኒሲማኒ ሚስት ለላታይ ደረሰ። ላታይ በየምሽቱ ከጸሎት በኋላ ክኒኑን በመዳፏ፣ ውሃውን በኩባያ ይዛ ትመጣለች። ሉሲያኔ እጇን ትዘረጋለች፤ ሳታይ ትውጣለች፤ «እግዚአብሔር ይስጥሽ» ትላለች። ዐሥራ ስድስት ዓመት እንዲሁ ሆነ።

ፋንጋሉፔ በጉባኤው ላይ ሦስት ዓመት ተከታትላ በጎረቤት መንደር ተሸነፈች። በአራተኛው ዓመት ልምምድ ሲጀመር የመዘምራኑ ፊት ጠቁሮ ነበር። በዚያ ምሽት ከሁለተኛ ድምፅ ሴቶች አንዷ፣ ሳቋ ከዘፈኗ የሚቀድመው ፊፊታ፣ ወደ ወፍራም ድምፅ ወንዶቹ ዞር አለች።

«እናንተ ሰዎች፣ ትዘምራላችሁ ወይስ ጀልባ ከአሸዋ ላይ ትጎትታላችሁ?»

«አንቺ ደግሞ» አላት ከመካከላቸው አንዱ፣ «ባልሽ በየሌሊቱ ወደ ባሕር የሚሸሸው ለዓሣ እንዳይመስልሽ።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሉሲያኔም ጠመኔዋን ይዛ ሳቀች። ሳቁ ሲበርድ ከኋላ አንዲት አሮጊት፣ «ምን ያደርጋል፤ የማዕበሉ ዓመትዋ ሉሲያኔ ብትኖረን ኖሮ!» አሉ። ሉሲያኔ ይህንንም እንደ ቀልድ ወስዳ፣ «እሷማ ከሰሌኖቼ ጋር ሄዳለች» አለች። የመዘምራኑ ኃላፊ የነበረው ፔኒሲማኒ ብቻ አልሳቀም።

ከዚያ ሁለት ሳምንት ያህል በኋላ ሉሲያኔ በሰሌዳው ላይ ሦስት ቁጥርን ስትጽፍ እጇ አልተንቀጠቀጠም። ቆማ አየችው። በማግሥቱም እንዲሁ። የብረቱም ጣዕም ከአፏ ጠፍቶ የኮኮናት ውሃ እንደ ልጅነቷ ጣፈጣት። ይህች ሴት ሌላ ነገር ሊጠረጠር ይችላል ብላ አላሰበችም፤ ክኒኗን አንድም ምሽት አላጎደለችምና። እግዚአብሔር መድኃኒቱን ትቶላት መከራውን ወሰደላት ብላ አመነች።

በሰንበት በምስክርነት ሰዓት ተነሥታ በጉባኤው ፊት ቆመች፤ ሁለት እጇንም ዘረጋች።

«ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ እጄን ተመልከቱ። ዐሥራ ስድስት ዓመት ስትስቁበት የነበረው እጅ ይኸውላችሁ። ዛሬ ጌታ ይዞታል።»

ሕዝቡ አሜን አለ። ከእናቷ የወረሰችውን ያማረ ሰሌንም የምስጋና መባ አድርጋ በመሠዊያው ፊት አነጠፈች። የሁለተኛ ድምፅ ሴቶች የተቀመጡበት ረድፍ በሙሉ ወለሉን ያይ ነበር፤ እሷ ግን እግዚአብሔርን ከመፍራት ነው አለች። ፊፊታ አለቀሰች። ሉሲያኔ ከወንበሯ ተነሥታ ሄዳ አቀፈቻት፤ «አይዞሽ፣ የደስታ ነው» ብላም አጽናናቻት።

በዚያው ሳምንት ዜማው መጣ። በአራት ቀን መዝሙሩ አለቀ፤ ስለ ዮናስና ስለ ባሕሩ ጥልቅ የሚናገር፣ ወፍራም ድምፆቹ ከሥር እንደ ውኃ የሚያንሣፍፉት፣ ከሰሙት ሁሉ በውበቱ የሚበልጥ መዝሙር ነበር። መዘምራኑ በመጀመሪያው ምሽት ሲዘምሩት አንዳቸውም ቀልድ አልተናገሩም። ሉሲያኔ ግን ከዚያ በኋላ አልተኛችም። ንግግሯ ፈጠነ። የያም ተክሏን ነቅላ ቦታውን አዛወረች፤ ለጉባኤው ስድስት መዝሙር እጨምራለሁ አለች። ላታይ ውሃና ክኒን ይዛ ስትመጣ እጇ የሚንቀጠቀጠው አሁን የላታይ ነበር።

በአንድ ሰንበት ቀትር ላይ፣ መንደሩ ከአምልኮ ተመልሶ በዝምታ ሳለ፣ ድብደባ ተሰማ። በፋንጋሉፔ በሰንበት አውራ ዶሮ እንኳ ድምፁን ቀንሶ ይጮኻል እየተባለ ይቀለዳል። ድብደባው ግን የሴቶች ሥራ ድምፅ ነበር፤ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሉሲያኔ ልብሷ ከትከሻዋ ወርዶ፣ በግቢዋ ተቀምጣ፣ ለጨርቅ የሚሆን የሾላ ልጥ በመዶሻ ትቀጠቅጥ ነበር። መጋቢው መጥተው ዝቅ ብለው አነጋገሯት።

«ልጄ ሉሲያኔ፣ ዛሬ ሰንበት ነው።»

«አልነገሩዎትም እንዴ መጋቢ? ጌታ ሰንበትን ወደ ማክሰኞ አዛውሮታል። ነገ ይደርስዎታል ደብዳቤው።»

ከአጥሩ ውጭ የቆሙት ልጆች ሳቁ። ፔኒሲማኒ ከዳር ከዛፍ ሥር ቆሞ ነበር፤ ልብሷ የወረደ እህቱን ማየት አይፈቀድለትምና ፊቱን ወደ ግንዱ አዞረ። ሴቶቹ በሰሌን ጠቅልለው አስገቧት። በማግሥቱ በመርከብ ወደ ዋናው ደሴት ተወሰደች።

በሆስፒታሉ መጀመሪያ በመርፌ አረጋጓት። መርፌው አንገቷንና ምላሷን አደረቀው፤ ለዚያም ሌላ ክኒን ሰጧት። በሦስተኛው ሳምንት እንቅልፍ ተመለሰላት፤ ሐሳቧም እንደ ጠራ ውኃ ረጋ። ያን ጊዜ ያደረገችው ሁሉ ትዝ አላት፤ ከሁሉም ይልቅ የሰንበቱ መዶሻ። ኀፍረቱ ከሕመሙ ከበደባት።

አንድ ቀን ጠዋት ኦሊቬ የምትባል ነርስ ወረቀት ይዛ አልጋዋ አጠገብ ተቀመጠች።

«እናቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ አይቆጡኝ። ክኒኑን የተዉት ከመቼ ወዲህ ነው?»

«አልተውሁም።»

«የመጡ ዕለት ደምዎን ወስደን ነበር። ሊቲየም ምንም የለበትም። ቀነሰ አላልኩም፤ ጭራሽ የለም።»

«ልጄ፣ አንድም ምሽት አላጎደልኩም። የወንድሜ ሚስት በእጇ ትሰጠኛለች፤ እሷን ጠይቂ።»

ኦሊቬ ተነፈሰች። «እንዲህ የሚሉኝ ብዙ ናቸው፤ አልፈርድባቸውም። ዕድሜ ልክ ክኒን መዋጥ ይሰለቻል። ለእኔ ግን እውነቱን ቢነግሩኝ ይሻላል።»

ሉሲያኔን ሰው ውሸታም ሲላት የመጀመሪያዋ ነበር። ምሽት ላይ ኦሊቬ የዕለቱን ክኒን ስታመጣ፣ ሉሲያኔ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመዋጧ በፊት መረመረችው። ነጭ ነው፤ ክብ ነው፤ ያን ሰሞን የዋጠችውም ነጭና ክብ ነበር። በምላሷ ጫፍ ነካችው። ወዲያው ያ የሚስማር ጣዕም አፏን ሞላው። ያን ሰሞን ሁሉ ግን በመዳፏ የተቀበለችው ነገር የጠመኔ ጣዕም እንደ ነበረው ያን ጊዜ ገባት። ውሃውን ጠጣች፤ ፊቷንም ወደ ግድግዳው አዞረች።  

በዚያው ሳምንት የጉባኤው ዝማሬ በሬዲዮ ተላለፈ። በሽተኞቹ በሙሉ በአዳራሹ ተሰብስበው ይሰሙ ነበር። ተናጋሪው «ፋንጋሉፔ» አለ፤ ከዚያም ወፍራም ድምፆቹ ከሥር ጀመሩ። ሉሲያኔ ከመጀመሪያው ድምፅ በፊት ቁጥሮቹን ታውቃቸው ነበር። በሦስተኛው ስንኝ ላይ ፊፊታ ብቻዋን ወደ ላይ ስትወጣ ሰማቻት፤ አልሳተችም። አጠገቧ የተቀመጠች፣ ብዙ የማትናገር ሴት፣ «ይህን የጻፈ ሰው አይተኛም» አለች። ሬዲዮው ፋንጋሉፔ አንደኛ መውጣቷን ሲናገር አዳራሹ አጨበጨበ። ሉሲያኔም ከሕዝቡ ጋር አጨበጨበች፤ እጅዋን የት እንደምታስቀምጠው አላወቀችምና።

ቅዳሜ ላታይ በኮኮናት ወተት የበሰለ ሥጋ በቅጠል ጠቅልላ፣ ቅርጫት ሙሉ ምግብ ይዛ መጣች። እጅ ነሥታ ከአልጋው በታች ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«እትዬ፣ ሰሙ አይደል? አንደኛ ወጣን! ሕዝቡ ቆሞ አለቀሰ። መጋቢው ስምዎን ጠርተው ጸለዩልዎ።»

«ላታይ» አለች ሉሲያኔ፣ «ስትሰጪኝ የነበረው ምንድን ነው?»

ላታይ ቅርጫቱን ፈታች፤ መልሳም አሰረችው።

«አጥንት የሚያጠነክር ክኒን ነው እትዬ። ሱቅ የሚሸጠው፣ አሮጊቶች የሚወስዱት። ጉዳት የለውም፤ ጠይቄ ነው የገዛሁት።»

«ማን አዘዘሽ?»

«መዘምራኑ መጥተው ለመኑ። ለጉባኤው ብቻ፣ ለጥቂት ሳምንት ብቻ አሉ። ከዚያ እንመልስልዎታለን ብለን ነበር። ሕመሙ እንዲህ ቶሎ ይመጣል ብሎ ማን አሰበ?»

«ከመዘምራኑ እነማን?»

«ሁለተኛ ድምፆች በሙሉ። ቀጫጭን ድምፆችም። ወንዶቹ አያውቁም፤ ወፍራም ድምፅ ምስጢር አይችልም ብላ ፊፊታ ከለከለች።»

«ወንድሜስ?»

ላታይ አቀረቀረች። «መጀመሪያ እምቢ አለ። ለሁለት ቀን አልበላም። ኋላ ግን፣ 'ስለ እህቴ ሕመም እኔ ልናገር አይገባኝም፤ አንቺ የምታደርጊውን አንቺ ታውቂያለሽ' አለኝ። ከዚያ ወጥቶ ሄደ። እኔም እንግዲህ የማውቀውን አደረግሁ።» ከቅርጫቱ ሥር በመሐረብ የታሰረ ነገር አወጣች። «ይኸው፣ የእርስዎን ክኒን አልጣልኩትም። መድኃኒት መጣል ኃጢአት ነው ብዬ አስቀመጥኩት።»

ሉሲያኔ መሐረቡን ተቀብላ ጉልበቷ ላይ አኖረችው። 

«እጄን ዘርግቼ ስመሰክር አንቺ ሦስተኛ ረድፍ ላይ ነበርሽ።»

«ነበርኩ እትዬ።»

«የእናቴን ሰሌን አነጠፍኩ።»

ላታይ በልብሷ ጫፍ አፏን ያዘች። ሉሲያኔ፣ «ምግቡን ይዘሽ ሂጂ። ለበሽተኞቹ አከፋፍዪው» አለቻት፤ ሌላ አልጨመረችም።

ከስድስት ሳምንት በኋላ ተፈቅዶላት በመርከብ ተመለሰች። ወደ ግቢዋ ስትደርስ ፔኒሲማኒን በደጇ መሬት ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ወገቡን በአሮጌ የተቀዳደደ ሰሌን ታጥቋል፤ በአንገቱም የኢፊ ዛፍ ቅጠል አስሯል። ይህ የሞት ፍርድ የሚገባው ሰው ምሕረት የሚለምንበት ሥርዓት ነው፤ እንዲህ ሆኖ የመጣን ሰው ማባረር በአያቶቻቸው ዘመንም አልተሰማም። ከኋላው ላታይና መዘምራኑ በሙሉ ተቀምጠዋል። የፊፊታ ፊት እንኳ ሳቅ የሌለበት ቤት መስሏል።

እንደ ልማዱ በወንድሟ ፋንታ ሌላ ሰው ሊናገር ይገባ ነበር፤ አንድ ሽማግሌም አፉን ከፈተ። ሉሲያኔ እጇን አንሥታ አስቆመችው፤ ወደ ወንድሟም ቀጥታ ተናገረች። የሰማው ሰው ሁሉ ደነገጠ።

«ፔኒሲማኒ፣ ስለ እኔ ለመናገር አክብሮት ከለከለህ። በእኔ ላይ ለመወሰን ግን አልከለከለህም።»

ፔኒሲማኒ ግንባሩን መሬት አስነካ። «እህቴ፣ አጥፍቻለሁ። ሰው የሚለውን ብቻ አሰብኩ፤ መዝሙሩን እንጂ እርስዎን አላሰብኩም።»

«እኔን ሳታስብ መዝሙሩ ከየት የሚመጣ መሰለህ? እንቅልፌን፣ ልብሴን፣ ሰንበቴን ሰጥቼ ነው የጻፍኩት። ልጆች በአጥሬ ላይ ቆመው ስቀውብኛል። አንተ ዛፍ ታቅፈህ ቆምክ።»

ከመዘምራኑ ማንም ቀና አላለም። ሉሲያኔ ቀስ ብላ ወደ እሱ ሄዳ ቅጠሉን ከአንገቱ ፈታች። ሥርዓቱ ይቅርታን ያዝዛል፤ እሷም ሥርዓትን የማታፈርስ ሴት ናት። ቅጠሉን በእጇ እንደ ያዘች፣ «ይቅር ብያለሁ» አለች። «ነገር ግን እህት እንደ ሆንኩ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ፤ አትከለክለኝም። ያ መዝሙር ከዛሬ ጀምሮ በፋንጋሉፔ አይዘመርም። ሰሌዳውን ዛሬውኑ አጥፉት፤ በደብተሩ ያለውንም ቅደዱት። ሁለተኛው፣ ከእንግዲህ ከቤትህ መድኃኒትም ሆነ ውሃ አልቀበልም።»

ፊፊታ ጮኸች። «እትዬ ሉሲያኔ፣ እኛን ይምቱን፤ መዝሙሩን ግን አይንኩት! እንደዚያ ያለ ዳግመኛ አይገኝም።»

«አውቃለሁ» አለቻት ሉሲያኔ። «ከሁላችሁ ይልቅ የማውቀው እኔ ነኝ።»

ፔኒሲማኒ እህቱን መከልከል አልቻለም። ከመሬት ተነሥቶ ወደ ልምምዱ ቤት ሄደ፤ ሰሌዳውን በገዛ እጁ በእርጥብ ጨርቅ ጠረገ። መዘምራኑ በደጅ ቆመው አዩት። ፋንጋሉፔ በተከታዩ ዓመት ጉባኤ ላይ አልዘመረችም።

ሉሲያኔ ዛሬ የምትኖረው በኔያፉ ከተማ፣ ከጤና ጣቢያው አጠገብ ባለች አንዲት ኪራይ ክፍል ነው፤ ሰሌን ትሠራለች። ክኒኗን በየምሽቱ ከነርሷ እጅ ትቀበላለች፤ በምላሷ ጫፍ ነክታ የብረቱን ጣዕም ስታገኝ ትውጣለች። ወንድሟ የዓመቱን የመጀመሪያ ያም ዛሬም ይልክላታል። መመለስ ማዋረድ ነውና ትቀበለዋለች፤ ነገር ግን ለጎረቤት ትሰጠዋለች እንጂ አትቀምሰውም። በቤተ ክርስቲያን ከኋላው ወንበር ትቀመጣለች። የአዲሱ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች በየትኛው ድምፅ እንደምትዘምር ቢጠይቋት፣ «እሰማለሁ» ትላቸዋለች።

እግዚአብሔር ሉሲያኔን በጤናና በሰላም እንቅልፍ ይጠብቃት። በጠባቧ ክፍሏ ጣራ ላይ ምሕረቱ ይረፍ፤ የበደሏትንም ቤት አይርሳ። አሜን።